ሹማከር፣ 97

ለአንድ የስፖርት ፕሮግራም መረጃ አዘጋጅ ሆኜ እሠራ ነበር። አቅራቢው በየሳምንቱ የሚያነባቸው ስሞች፣ ዓመቶችና ቁጥሮች ከእኔ ጠረጴዛ ነው የሚወጡት። እሱ ካሜራውን እያየ ያነባል። ቆም ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ የለውም። እኔ የሳትኩት ነገር በእሱ አፍ ይወጣል ማለት ነው። ይህን ሥራ የጀመርኩ ቀን ነግረውኛል። በደንብ የገባኝ ግን አሁን ከምነግራችሁ ዓርብ በኋላ ነው።

የዚያ ሳምንት ዝግጅት ስለ ታዋቂ የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪዎች ነበር። ማን ስንት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ ማን ስንት ግራንድ ፕሪ (የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮና አንዱ ውድድር ማለት ነው) አሸነፈ የሚል ሰንጠረዥ በስክሪን ይወጣል። ርዕሱን ያቀረብኩት እኔው ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ስፖርት ስለሆነ ለማንም አሳልፌ መስጠት አልፈለግኩም። ከ1950 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተካሄደውን እያንዳንዱን የፎርሙላ ዋን ውድድር አንድ በአንድ በኤክሴል መዘገብኩ። ቀን፣ ቦታ፣ አሸናፊ፣ መኪና። በሌላ ገጽ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው መጀመሪያና መጨረሻ የተወዳደረበትን ዓመት አስገባሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እያንዳንዱን ረድፍ ሁለት ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ሐሙስ ማታ ግራፊክሱን የሚሠራው ልጅ መጣ። ስሞቹ ረዝመውበታል። "ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ" ከሳጥኑ ወጥቶ ቁጥሩ ላይ ወጥቷል። "በናትሽ አሳጥሪልኝ" አለኝ። እሺ አልኩና የመጀመሪያ ስሞቹን ዓምድ እንዳለ ሰረዝኩት። ከዚያ በቀረው የቤተሰብ ስም ደመርኩ።

ድምሩ እንደወጣ ዓይኔ ላይኛው ረድፍ ላይ አረፈ። ሹማከር፣ 97።

የማይክል ሹማከር ድል 91 ነው። በእንቅልፍ ልቤ ብጠየቅ አልስተውም። "ስድስት ውድድር ደግሜ መዝግቤ ይሆናል" አልኩ ለራሴ። ቀመሩን አጠፋሁና በእጄ 91 ብዬ ጻፍኩበት። አሥር ሰከንድ አልፈጀም። ቀጥዬ ፋይሉን ላክሁ።

ዓርብ ማታ ፕሮግራሙ በቀጥታ ተላለፈ። አቅራቢው ከላይ ጀምሮ አነበበ። ሹማከር 7 ጊዜ ሻምፒዮን፣ ሃሚልተን 7 ጊዜ፣ ፋንጂዮ 5 ጊዜ። ከዚያ 4 ጊዜ ያሸነፉት ጋ ደረሰ። አላን ፕሮስትን አነበበና ትንሽ ወረድ ብሎ፣ "ሂል፣ 4 ጊዜ ሻምፒዮን፣ 39 ድል" አለ። ከአየርተን ሴና በላይ፣ ከኒኪ ላውዳ በላይ፣ ከጃኪ ስቱዋርት በላይ። እኔም ከመስታወቱ ጀርባ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ምንም አልታየኝም። ሰንጠረዡ ያማረ ነበር።

ፕሮግራሙ አልቆ ሰው ሲበታተን የድምፅ ባለሙያው ጠሩኝ። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ማሽኑ አጠገብ ያስቀመጥኩትን ወረቀት ይዘዋል። ወረቀቱ ላይ ለስክሪን ያልወጡት ዓመቶችም አሉበት።

"እስቲ ነይ" አሉኝ። ጣታቸውን አንድ ረድፍ ላይ አደረጉ። "ይሄ ሰውዬ 41 ዓመት ሙሉ ነው እንዴ የነዳው?"

"የትኛው ጋሼ?"

"ይሄ ሂል የምትዪው። ከ1958 እስከ 1999 ይላል።"

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ደሜ ቀዘቀዘ። "ሦስት ናቸው ጋሼ" አልኩ። "ሦስት ሰዎች ናቸው።"

እሳቸው ምንም አላሉም። ወረቀቱን ትተውልኝ ገመዳቸውን መጠቅለል ጀመሩ።

እነዚህ ሦስት ሰዎች እነማን እንደሆኑ መናገር አለብኝ። ያን ማታ ያጠፋሁት ቁጥር ብቻ አልነበረም።

አንዱ ፊል ሂል ነው። አሜሪካዊ ነው፤ ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር ዝምድና የለውም። በፎርሙላ ዋን ያሸነፈው 3 ጊዜ ብቻ ነው። የ1961 ሻምፒዮን ሆነ፤ ከአሜሪካ የመጀመሪያው። ሻምፒዮንነቱን ያረጋገጠው ጣሊያን ሞንዛ ላይ ነው። በዚያው ውድድር የፌራሪ ባልደረባው ቮልፍጋንግ ፎን ትሪፕስ ከተመልካቾች ጋር ሕይወቱ አለፈ። ፎን ትሪፕስ እስከዚያ ቀን ድረስ በነጥብ ይመራ ነበር። ፊል ሂል ደስ ሊለው በሚገባው ቀን አዘነ። የሰንጠረዤ "39" ውስጥ ሦስቱ የእሱ ናቸው፤ አንዷ ያቺ የሞንዛዋ ናት።

ሁለተኛው ግራሃም ሂል ነው። እንግሊዛዊ። መንጃ ፈቃድ ያወጣው በ24 ዓመቱ ነው። በ1962 እና በ1968 ሻምፒዮን ሆኗል። ሞናኮን 5 ጊዜ አሸንፏል። በ1966 የአሜሪካውን የኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር፣ በ1972 ደግሞ የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። ሞናኮን፣ ኢንዲያናፖሊስንና ሌ ማንን ሦስቱንም ያሸነፈ ሌላ ሰው የለም። በኅዳር 1975 ራሱ የሚያበርራት ትንሽ አውሮፕላን ተከስክሳ ከአምስት የቡድኑ ሰዎች ጋር አለፈ።

ሦስተኛው ልጁ ዴመን ነው። አባቱ ሲሞት 15 ዓመቱ ነበር። ሲያድግ እሱም መንዳት ጀመረ። የአባቱን ሄልሜት ምልክት አደረገ፤ ጥቁር ሰማያዊ ላይ ነጭ የመቅዘፊያ ቅርጽ፣ አባቱ ከጀልባ ቀዛፊዎች ክለቡ ያመጣው። በ1996 ጃፓን ሱዙካ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በፎርሙላ ዋን ታሪክ ሻምፒዮን የሆነ የሻምፒዮን ልጅ እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም።

እኔ አባትና ልጅን ደምሬ አንድ ሰው አደረግኋቸው። ዝምድና የሌለውን አሜሪካዊም ጨመርኩበት። ልጁ አባቱን አጥቶ ከ21 ዓመት በኋላ እዚያው ደረጃ ላይ መድረሱ፣ ያ ሁሉ መንገድ፣ በእኔ ወረቀት "4 ጊዜ" የሚል ሆነ።

ያን ሌሊት ቢሮ አደርኩ። የሰረዝኩትን ዓምድ ከድሮው ፋይል መለስኩና ሁሉንም እንደገና አየሁት። ሮዝበርግም ሁለት ሰው ነበር። አባትየው ኬኬ በ1982 ሻምፒዮን የሆነው በዓመቱ አንድ ውድድር ብቻ አሸንፎ ነው። ልጁ ኒኮ ደግሞ በ2016። እኔ ጋ አንድ ሮዝበርግ፣ 2 ሻምፒዮንነት፣ 28 ድል ሆነው ከጂም ክላርክ ጎን ተቀምጠዋል። ቪልነቭም ሁለት፤ አባትየው ዢል ሻምፒዮን ሳይሆን በ1982 ቤልጂየም ውስጥ ሞተ፤ ልጁ ዣክ በ1997 ሻምፒዮን ሆነ።

ከዚያ ሹማከር ጋ ደረስኩ። ስድስቱ ድሎች የተደገሙ አልነበሩም። የራልፍ ናቸው። የማይክል ታናሽ ወንድም። የመጀመሪያዋን በ2001 ኢሞላ ላይ ነው ያገኛት። በዚያው ዓመት ካናዳ ላይ ራልፍ አንደኛ፣ ማይክል ሁለተኛ ወጡ። ሁለት ወንድማማቾች ተከታትለው አንደኛና ሁለተኛ ሲወጡ በፎርሙላ ዋን የመጀመሪያው ነው።

እኔን ከሁሉም ያመመኝ ይሄ ነው። 97 የሚለውን አይቼዋለሁ። ስህተቱ ሐሙስ ማታ እዚያው ፊቴ ላይ መጥቶ ነበር። "እነዚህ ስድስቱ የማን ናቸው?" ብዬ ብጠይቅ ራልፍን አገኘዋለሁ። ራልፍን ካገኘሁ ሂሎቹን አገኛለሁ። እኔ ግን የማውቀውን ቁጥር ጽፌ አለፍኩ። የማላውቀው ሰው ላይ ቢሆን ደግሞ ያንንም አላይም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ለዋና አዘጋጁ ደወልኩ። ሂሎቹን ነገርኩት። ትንሽ ዝም አልኩና 97ንም ነገርኩት። ይህንን መናገር ከበደኝ። ባልነግረው ማንም አያውቅም ነበር፤ ፋይሉ ላይ 91 ነው የሚለው።

"ለምን ነገርሽኝ?" አለኝ።

"የሚቀጥለው ሰው ቁጥር በእጁ እንዳያርም" አልኩት።

እሱም በአንድ መስመር ይቅርታ እንዳይታለፍ ወሰነ። ለሦስቱ ሂሎች ሦስት ደቂቃ ተሰጠ። እንደገና ጻፍኩ። ሙሉ ስም፣ ከሥሩ በትንሽ ፊደል የትውልድ ዓመት። ግራፊክሱን የሚሠራው ልጅ ስሙን በሁለት መስመር ከፈለው፤ በቃ፣ ገባለት። ይህንን ሐሙስ ማታ አምስት ደቂቃ ቢሰጠው ይሠራው ነበር፤ እኔ አልጠየቅኩትም።

ሳምንቱን ሙሉ ሌሎቹን ቁጥሮችም ከየት እንደመጡ እየጠየቅኩ አመሸሁ። ፋንጂዮ 24 ድል ይላል። ከስንት? ከ51 ውድድር። ወደ ግማሽ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። ይህን ሳላስቀምጥ ከዛሬዎቹ ጋር በአንድ ዓምድ ማሰለፌ ልክ አልነበረም፤ ዛሬ አንድ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ውድድር ይወዳደራል። "ከስንት" የሚል ዓምድ ጨመርኩ።

የስተርሊንግ ሞስ ጉዳይ ደግሞ ነበር። የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ላይ ጨርሶ የለም። ሻምፒዮን ሆኖ ስለማያውቅ ወንፊቱ ውስጥ አለፈና ቀረ። ሞስ ከ1955 እስከ 1958 አራት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ የወጣ ሰው ነው። በ1958 አራት ውድድር አሸንፎ፣ አንድ ብቻ ባሸነፈው በማይክ ሆውቶርን በአንድ ነጥብ ተቀደመ። 42 ለ41። በዚያው ዓመት ፖርቱጋል ላይ ሆውቶርን መኪናው ዞሮ ቆሞበት፣ ለማስነሳት በተቃራኒ አቅጣጫ ነድቷል ተብሎ ውጤቱ ሊሰረዝበት ነበር። ሄዶ የተከራከረለት ሞስ ነው። መኪናው የነበረው ከመንገዱ ውጪ እንደሆነ መሰከረለት። ሆውቶርን ነጥቡን አገኘ። በዚያ ነጥብ ነው ሞስን የበለጠው። ሰንጠረዡ ላይ ይሄ "0" ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ሞስን አስገባሁት። ፎቶ ስፈልግለት በ1955 ሚሌ ሚሊያ የሚባለውን የጣሊያን የመንገድ ውድድር ያሸነፈበት መርሴዲስ መጣልኝ፤ ከብሬሻ ሮም ደርሶ መልስ፣ በተራ የአገር መንገድ፣ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ። መኪናው ላይ በቀይ 722 ተጽፏል። ድሮ ቢሆን የመኪና ቁጥር ነው ብዬ አልፈዋለሁ። አሁን ግን ለምን 722 ብዬ ፈለግኩ። መኪናዋ ጠዋት የተነሳችበት ሰዓት ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር 7:22። መንገድ ዳር የቆመ ሰው ስንት ሰዓት ላይ እንደተነሳች አንብቦ ማን ማንን እየቀደመ እንደሆነ እንዲያውቅ።

ሐሙስ ማታ ወረቀቱን ለድምፅ ባለሙያው ሰጠኋቸው። ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሂሎቹ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አንድ ነገር ጨምሬ ነበር። በ1968 ጂም ክላርክ ሆከንሃይም ላይ ሲሞት የሎተስ ቡድን ባልደረባው ግራሃም ሂል ነበር፤ ቀጥሎ የመጣውን የስፔን ግራንድ ፕሪ አሸንፎ ቡድኑን ቀና አደረገው። በ1994 ሴና ኢሞላ ላይ ሲሞት የዊልያምስ ባልደረባው ዴመን ሂል ነበር። ለዊልያምስ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ድል ያመጣው ዴመን ነው። የት? ስፔን ግራንድ ፕሪ ላይ።

"አባትየውን አስታውሰዋለሁ" አሉኝ። "ጺሙ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ ሰው ነበር።" ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ዓርብ ማታ አቅራቢው እርማቱን አነበበ። ቸኩሎ አላነበበም። ፊል ሂል፣ 3። ግራሃም ሂል፣ 14። ዴመን ሂል፣ 22። በእያንዳንዱ መሀል የየራሳቸው ፎቶ ወጣ። አባትና ልጅ ተከታትለው ሲመጡ ሄልሜቱ አንድ ዓይነት መሆኑ በግልጽ ይታያል። ከመስታወቱ ጀርባ የድምፅ ባለሙያው እጃቸውን ከማሽኑ ሳያነሱ ወደ እኔ ዞር አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

አቅራቢው ወረቀቱን ገለበጠና የመጨረሻውን ረድፍ አነበበ። ራልፍ ሹማከር፣ 6።