አሰልጣኙ የት አለ?

አዳማ ሆቴል አዳራሽ ገብቶ ሥልጠና የተካፈለ ሰው ይቺን ሰዓት ያውቃታል። "እስቲ ራሳችንን እናስተዋውቅ" ይባላል። ማይኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዱ የሆስፒታል ሜዲካል ዳይሬክተር ነው። አንዷ በሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ አላት። ሌላው ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ውስጥ ፀጉሩ እስኪሸብት ሠርቷል። ማይኩ ወደ እኔ ሲጠጋ አፌ ይደርቃል። አሰልጣኟ እኔ ነኛ!

የጀመርኩት ከጤና መረጃ ቴክኒሺያንነት ነው፤ ደረጃ 4። ዲግሪዬን በማታ የጨረስኩት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ቁመቴ አጭር ነው፣ ፊቴም ከዕድሜዬ ያንሳል። ፕሮጀክተር ስገጣጥም ያየኝ ሰው ብዙ ጊዜ የሆቴሉ ሠራተኛ እመስለዋለሁ። "እህት፣ አሰልጣኙ የት አለ?" ተብዬ አውቃለሁ። አንዴማ አንድ ጎልማሳ ሰው "ልጄ፣ እስቲ ውሃ አምጪልን" አሉኝ። አመጣሁላቸው። ከዚያ ማይኩን አነሳሁ። ፊታቸው ቲማቲም መሰለ፤ እኔ ግን ከሳቸው በላይ ነበር ያፈርኩት። ልክ የእሳቸው ግምት ትክክል ሆኖ፣ እኔ ሰውን የሸወድኩ ያህል።

የማሠለጥነው ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለውን የጤና መረጃ ሥርዓት ነው። ሶፍትዌሩን የሚያለማው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎቻችን ወርሃዊ ሪፖርታቸውን የሚያስገቡት በእሱ ነው። ስንት እናት ወለደች፣ ስንት ሕፃን ተከተበ፣ ስንት ሰው ወባ ታከመ። ሥራውን ከታች ስለጀመርኩ መዝገቡንም፣ ታሊውንም (የመቁጠሪያ ቅጹን)፣ ኮምፒውተሩንም አብጠርጥሬ አውቃለሁ። ይሄ ግን ለእኔ አይታየኝም ነበር። የሚታየኝ የሰዎቹ ማዕረግ ብቻ ነው።

ሥልጠናው ጥሩ ከሄደ "ተሳታፊዎቹ ጎበዞች ስለሆኑ ነው" እላለሁ። ካመሰገኑኝ "ይሉኝታ ይዟቸው ነው" እላለሁ። ኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ስልኩን ካወጣ ግን በቃ፣ "አሰልችቼዋለሁ"። ሰውየው እኮ ከቤቱ ተደውሎለት ሊሆን ይችላል! ለምሳ ስንወጣ ቁርጡም ክትፎውም አይበላልኝም። ከሰዓት በኋላ የሚጠይቁኝን እያሰብኩ ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

መፍትሔ ብዬ የያዝኩት ዝግጅት ማብዛት ነበር። ሥልጠና ሲቃረብ ሌሊቱን ሙሉ ስላይድ ስሠራ አነጋለሁ። ማንም የማይጠይቀውን ጥያቄ ሳይቀር መልስ አዘጋጅለታለሁ። ችግሩ ይሄ ነገር ራሱን ይመግባል። በደንብ ከሄደልኝ "ስላልተኛሁ ነው እንጂ ባልዘጋጅ ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር" እላለሁ። ስለዚህ ለሚቀጥለው ደግሞ የባሰ እዘጋጃለሁ። ድካሙ ይጨምራል እንጂ በራስ መተማመኑ ፈቅ አይልም።

ስሙን የሰማሁት ከአንዲት ሲስተር ነው። ፍራንኮ አካባቢ ማኪያቶ እየጠጣን ብሶቴን ሳወራላት "ኢምፖስተር ሲንድረም ነው እኮ ያለብሽ፤ እኔንም ይዞኝ ነበር" አለችኝ። እሷ? የምጥ ክፍል ስትገባ ሁሉም ሰው ቀጥ የሚልላት ሴትዮ? መጀመሪያ የቀለለኝ ያኔ ነው። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩን መጀመሪያ የጻፉበት ፓውሊን ክላንስ እና ሱዛን አይምስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1978። ያጠኗቸው ከ150 በላይ ሴቶች በትምህርትም በሥራም የተሳካላቸው ነበሩ። ሴቶቹ ግን "በዕድል ነው፣ ተሳስተው ነው የመረጡኝ፣ አንድ ቀን ይነቃብኛል" ይሉ ነበር። በኋላ በተሠሩ ጥናቶች ወንዶችም እንደማይቀርላቸው ታየ። ደግሞ ልብ በሉ፣ በሕክምናው ዓለም እንደ በሽታ የተመዘገበ ነገር አይደለም። እኔም በሽተኛ አልነበርኩም።

ስም ማወቅ ግን ብቻውን ፍርሃት አያባርርም። "መስታወት ፊት ቆመሽ እችላለሁ በይ" ያሉኝ ነበሩ። ሞከርኩት። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ልጅ አላመነችኝም። እኔ የመረጃ ሰው ነኝ፤ ማስረጃ የሌለው ነገር አይዋጥልኝም።

የረዳኝ የራሴው ሥራ ሆኖ ተገኘ። ሠልጣኞቼን ከማስተምራቸው ነገሮች አንዱ ኤልኪውኤኤስ የሚባል የጥራት ፍተሻ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከወሩ ሪፖርት ላይ 12 የመረጃ ዓይነቶች በዕጣ ትመርጣለህ። ከዚያ መዝገቡን ገልጠህ እንደገና ትቆጥራለህ። ሪፖርቱ "38 እናቶች ወለዱ" ካለ፣ የወሊድ መዝገቡ ላይ ጣትህን እያስኬድክ ከ21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ያለውን ትቆጥራለህ። የጤና ሪፖርት ወር የሚዘጋው እንደዚያ ነውና። ከገጠመ "አዎ"፣ ካልገጠመ "አይ" ብለህ ምልክት ታደርጋለህ። በመጨረሻ አዎዎቹን ቆጥረህ ሪፖርቱ ምን ያህል እንደሚታመን ከሠንጠረዡ ታያለህ። ለሠልጣኞች ሁልጊዜ የምላቸው ነገር አለ፦ ሪፖርቱ ያማረ ስለሆነ አትመኑት፣ መዝገቡን ጠይቁ።

አንድ ቀን ይሄንኑ እያስተማርኩ ሳለ ነገሩ ገባኝ። "እኔ አልችልም" የሚለው ስሜቴም ሪፖርት ነው። መዝገቡን ማን አየው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራ ደብተር ገዝቼ መሐሉን በመስመር ከፈልኩት። በግራ በኩል ሥልጠና ሲጀመር የፈራሁትን እጽፋለሁ። በቀኝ በኩል ማታ የሆነውን። የተሰማኝን አይደለም፣ የሆነውን። "ጥሩ ነበር" ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። ማን ምን ጠየቀ፣ ምን መለስኩ፣ ከዚያ ምን ሠሩ፣ ይሄ ብቻ።

አንዱን ልንገራችሁ። በግራ በኩል "ዶክተሮቹ ጥያቄ ጠይቀው ያዋርዱኛል" ይላል። በቀኝ በኩል ደግሞ እንዲህ፦ አንድ ሐኪም "አንዲት እናት እርግዝና ክትትሏን እዚህ ጀምራ ሌላ ጤና ጣቢያ ብትወልድ ሁለት ጊዜ አትቆጠርም ወይ?" አሉ። ክትትሉ የተጀመረበት ተቋም ክትትሉን፣ ያወለደው ተቋም ወሊዱን እንደሚመዘግብ ነገርኳቸው። አደጋው ሁለተኛው ጤና ጣቢያ ክትትሉን እንደ አዲስ ሲጀምርላት ነው፤ ያኔ የመጀመሪያ ክትትል ቁጥሩ ያብጣል። ሐኪሙ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ከሻይ በኋላ የራሳቸውን ተቋም ቁጥር ከፍተው "እውነትሽን ነው፣ የኛ ያበጠው ለዚህ ሊሆን ይችላል" አሉኝ። አለቀ። ማን ተዋረደ?

እውነቱን ለመናገር ደብተሩን መጀመር ከበደኝ። ራስን ማመስገን እኛ ጋ ነውር ነው። "ሙያ በልብ ነው" እየተባለ ያደገ ሰው፣ ቁጭ ብሎ የሠራውን መዘርዘር ጉራ ይመስለዋል። ስለዚህ ለማንም አላሳየሁትም፤ እስከ ዛሬ ያነበበው የለም። ትሕትናን አልጠላም፤ ትሕትና ግን የሠራሁትን አልሠራሁም እንድል አያዘኝም።

በኋላ ሳነብ አልበርት ባንዱራ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 የጻፈውን አገኘሁ። ሰው "እችላለሁ" የሚለው እምነት የሚመጣባቸውን አራት መንገዶች ይዘረዝራል። ራስ ሠርቶ ማየት፣ እንደኔ ያለ ሰው ሲሳካለት ማየት፣ የሰው ማበረታቻ፣ እና የገዛ ሰውነትን ሁኔታ የምናነብበት መንገድ። ከሁሉ የሚበረታው የመጀመሪያው ነው ይላል። ሲስተሯ ማኪያቶ ላይ የሰጠችኝ ሁለተኛውን ነበር ማለት ነው። መስታወቱ ያልሠራልኝም ለዚህ ይሆናል፤ ባዶ ማበረታቻ ነበራ። አራተኛው ደግሞ ለኔ ትልቅ ነገር ሆነ። ልቤ ድው ድው ሲል "ያው ፈራሁ፣ አልችልም ማለት ነው" እል ነበር። አሁን ልቤ ይመታል፣ እኔ እናገራለሁ። ደግሞ የአዳማ ሙቀት አለ፤ ላብ ሁሉ የፍርሃት አይደለም።

ደብተሩ ጉዴንም አወጣው። ቀኝ በኩል በትክክል "አላወቅኩም" የሚል ነገር ተደጋግሞ የተጻፈበት ርዕስ ነበር፤ የኔትወርክ ነገር። "ኢንተርኔት ጠፍቶ ያስገባሁት ቁጥር የት ይሄዳል?" ሲሉኝ አንገቴን ሰብሬ ወደ ሌላ ርዕስ እሸሽ ነበር። ይሄ ኢምፖስተር ሲንድረም አይደለም፤ አለማወቅ ነው፤ መድኃኒቱም ማጥናት ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ክፍተትን ሁሉ "ያው ስሜት ነው" ብሎ ማለፍ ይመጣል። ጥያቄው እንደገና ሲነሳ "እርግጠኛ አይደለሁም፣ ከሻይ በኋላ እመልስላችኋለሁ" አልኩ። አዳራሹ አልፈረሰም። ወጥቼ አንድ የአይቲ ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ። ቁጥሩ እዚያው ኮምፒውተር ብራውዘር ላይ ይቆያል፣ መስመር ሲመለስ ይላካል፣ እስከዚያ ግን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ቢፈልጉት አያገኙትም። ተመልሼ ነገርኳቸው። አንዱ ሠልጣኝ በኦሮምኛ ደግሞ ጠየቀኝ፣ በኦሮምኛ መለስኩለት። የዚያን ቀን ግምገማ ላይ በብዛት የተጠቀሰው ነገር ይሄው ነበር፦ "ያላወቀችውን አላውቅም ትላለች።"

አንድ ነገር ግን ደብተር አይፈታውም። "አሰልጣኙ የት አለ?" የሚሉኝ ሰዎች ያሉት እኔ ጭንቅላት ውስጥ አይደለም፣ አዳራሹ ውስጥ ነው። ወጣት ሴትን ከአሰልጣኝነት ይልቅ ውሃ ከማመላለስ ጋር ማያያዝ የእኔ በሽታ አይደለም። ስለዚህ "በራስሽ ተማመኚ" የሚለው ምክር ብቻውን ሲመጣ ያናድደኛል። አስተባባሪዎችን አንድ ነገር ጠየቅኩ፦ ፕሮግራሙ ሲከፈት አሰልጣኟን እናንተ አስተዋውቁ፣ ሥራዋን ጠቅሳችሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አዳራሹ የሚያየኝ ዓይን ግን ይለወጣል። እምቢ ያሉኝም አሉ፤ እነሱ ጋ ራሴው እናገራለሁ፤ ከደረጃ 4 መነሳቴን ሳልደብቅ።

አሁንም እፈራለሁ። ስላይድ ግን በጊዜ ጨርሼ እተኛለሁ፤ ክትፎውም ይበላልኛል።

ሰሞኑን መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የቡድን መሪነት ቦታ ክፍት ሆኖ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ድሮ ቢሆን አንብቤ "ለነእንትና ነው" ብዬ አልፍ ነበር። ማታ ደብተሬን ይዤ ቅጹን ስሞላ አመሸሁ። "የሥራ ልምድዎን በዝርዝር ይግለጹ" የሚለው ሣጥን ጠበበኝና ተጨማሪ ወረቀት አያይዤ አስገባሁ። ውጤቱ ገና አልተለጠፈም።