ከሎክ ኔስ ሐይቅ የወጣው አውሮፕላን

ዛሬ በእንግሊዝ አገር ብሩክላንድስ ሙዚየም ውስጥ የእህቴ ልጅ ከአንድ የዌሊንግተን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ፊት ቆሞ «ሁሉም ተረፉ?» ሲል ጠየቀኝ። አንዱ አልተረፈም።

ታኅሣሥ 31 ቀን 1940 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ይህ አውሮፕላን ስምንት ሰዎችን አሳፍሮ በስኮትላንድ ተራሮች ላይ ለሥልጠና ሲበር በበረዶ ውሽንፍር መካከል አንደኛው ሞተሩ ጠፋ። አብራሪው ሠራተኞቹ በፓራሹት እንዲወርዱ አዘዘ፤ ከዘለሉት ስድስት ሰዎች መካከል የኋላ ተኳሹ ሕይወቱ አለፈ። አብራሪውና ረዳቱ ግን አውሮፕላኑን በሎክ ኔስ ሐይቅ ላይ አሳርፈው በጎማ ጀልባ ወደ ዳር ወጡ።

በ1985 አውሮፕላኑ ከሐይቁ ሲወጣ፣ በውኃ ውስጥ አርባ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ብቻ የቀሩት የጭራው መብራት ከባትሪ ጋር ሲያያዝ በራ። አምፖሉ ያን ሁሉ ዘመን በጨለማና በብርድ ውኃ ውስጥ ኖሮ መሥራቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከክንፉና ከሞተሩ ይልቅ ቀልቤን ሳበው፤ የኋላ ተኳሹ መቀመጫም እዚያው ጭራው ላይ ነበርና።

ይኸው አውሮፕላን ሐይቁ ላይ ከማረፉ ከአንድ ዓመት በፊት በጀርመን ጠረፍ ሄሊጎላንድ አካባቢ በተደረገው ዘመቻ፣ ከተሠማሩት ዌሊንግተኖች ግማሽ ያህሉ ሲጠፉ፣ በሰላም ተመልሶ ነበር። በጦርነቱ ዘመን ከብሪታንያ ቦምብ ጣይ ኃይል አባላት መካከል ከ5 ሺህ በላይ የሚሆኑት የሞቱት በሥልጠና ላይ ሳሉ ነው፤ ለእነርሱም ቤተሰቦች የመርዶው ደብዳቤ ከግንባር ለሞቱት ከሚላከው የቀለለ አልነበረም።