ሥራውን ይዤ ወደ ቴክሳስ የገባሁበት መንገድ

ላስ ቬጋስ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። ነርስ ነኝ፤ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ሺፍት ነበር የምሠራው። የባለቤቴ እህት ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ትኖራለች። በ2023 መጀመሪያ ላይ ወደ እሷ ለመጠጋት ወሰንን። ባለቤቴ «መጀመሪያ እንግባ፣ ሥራው እዚያው ይገኛል» አለ። እኔ ግን ልጅ ይዤ፣ ያለ ደሞዝ፣ ሰው ቤት መቀመጥ ከበደኝ። ሥራ ሳላገኝ ንቅንቅ አልልም አልኩ።

የመጀመሪያው አንድ ወር ተኩል በከንቱ አለፈ። በእረፍት ቀኖቼ ላፕቶፕ ላይ ተተክዬ 23 ቦታ አመለከትኩ። ግማሹ ዝም፣ ግማሹ ያንኑ «ስላመለከቱ እናመሰግናለን» የሚል ኢሜይል። የስድስት ዓመት ልምድ እያለኝ ምን ጎደለኝ ብዬ በጣም ከፋኝ።

ያማከርኩት ሰው ሁሉ «ሬዙሜሽ ላይ የእህታችሁን አድራሻ ጻፊ» ይለኝ ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያ እንደሚያደርግ አውቃለሁ። እኔ ግን አልመክርም። ሥራዬ ኔቫዳ ሆኖ አድራሻዬ ቴክሳስ ከሆነ፣ ባክግራውንድ ቼክ (የኋላ ታሪክ ማጣራት) የሚሠራው ሰው መጠየቁ አይቀርም። በውሸት የተጀመረ ሥራ ደግሞ እንቅልፍ አይሰጥም።

ነገሩን የገለጠችልኝ ድሮ ሰው ትቀጥር የነበረች የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሬዙሜዬን አየችና «ይህቺ ሴት እውነት ትመጣለች? መቼ? ላይሰንሷስ (የነርስነት ፈቃዷስ)? እዚህ ላይ መልሱ የለም» አለችኝ። ለካ እነሱ የሚፈሩት ርቀቱን አይደለም። ቀጥረውኝ እንዳልቀር ነው።

የዚያኑ ቀን ከስሜ ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ከጁን 15 ጀምሮ ዳላስ እኖራለሁ፤ የቴክሳስ ላይሰንስ ማመልከቻዬ ገብቷል»። አድራሻዬን የላስ ቬጋሱን ተውኩት። «በቅርቡ እመጣለሁ» አላልኩም፤ ቁርጥ ያለ ቀን ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ካመለከትኩባቸው ስምንት ቦታዎች ሦስቱ ደወሉ።

ያንን መስመር ለመጻፍ ግን መጀመሪያ የላይሰንሱን ማመልከቻ ማስገባት ነበረብኝ። ኔቫዳ የነርሶች ኮምፓክት (አባል ስቴቶች አንዱ የሌላውን ላይሰንስ የሚቀበሉበት ስምምነት) ውስጥ አልነበረችም፤ ስለዚህ የኔቫዳ ላይሰንሴ ቴክሳስ ውስጥ አያሠራኝም። ለቴክሳስ ነርሲንግ ቦርድ በኢንዶርስመንት (በሌላ ስቴት ላይሰንስ መነሻነት አዲስ በማውጣት) ማመልከት፣ አሻራ መስጠት፣ የድሮውን ላይሰንስ ማስመስከር፣ የስቴቱን የነርሲንግ ሕግ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። «ሥራ ካገኘሁ በኋላ አደርገዋለሁ» ብዬ ማቆየቴ ትልቁ ስህተቴ ነበር። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ነርሶች ይህ ይቀልላችኋል፤ ሁለቱም ኮምፓክት ውስጥ ስላሉ በመልቲስቴት (በአባል ስቴቶቹ ሁሉ በሚያሠራ) ላይሰንስ ቴክሳስ ገብታችሁ ሥራ መጀመር ትችላላችሁ። ግን ከ2024 ጀምሮ፣ ኑሯችሁን ወደ ሌላ የኮምፓክት ስቴት ካዛወራችሁ በ60 ቀን ውስጥ ለአዲሱ ስቴት ላይሰንስ ማመልከት ግዴታ ነው።

የመጀመሪያውን ኢንተርቪው በሰዓት አጣሁት። ኢሜይሉ ጠዋት 9 ሰዓት ይላል (በአሜሪካ አቆጣጠር)። እኔ 8፡30 ላይ ስነቃ ስልኬ ላይ ሁለት ያመለጡ ጥሪዎች አሉ። ዳላስ ከላስ ቬጋስ በሁለት ሰዓት ይቀድማል፤ የእነሱ 9 የእኔ 7 ነው። ወዲያው ይቅርታ ጠይቄ ጻፍኩ። ሌላ ቀጠሮ አልሰጡኝም። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የምመልሰው ኢሜይል ላይ «በዳላስ 10፣ በላስ ቬጋስ 8» እያልኩ ሁለቱንም እጽፍ ነበር።

ሥራውን ያገኘሁበት ኢንተርቪው የሆነው መኪና ውስጥ ነው። ከሌሊት ሺፍት 7፡30 ላይ ወጣሁ። ቤት ደርሼ ልብስ ለመቀየር ጊዜ አልነበረም። ፓርኪንጉ ውስጥ ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጌ ቆምኩ። ስልኩን መሪው ላይ አስደገፍኩና ባጄን ከደረቴ አወለቅኩ። ማናጀሯ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ለምን ቴክሳስ?» ነው። «ኑሮ ይረክሳል» ልል ነበር የተዘጋጀሁት። አፌ ላይ የመጣው ግን እውነቱ ሆነ፦ «የባለቤቴ እህት እዚያ ናት፣ ልጄ በኦገስት ትምህርት የምትጀምረው እዚያ ነው፣ ጁን 15 እገባለሁ»። አንገቷን ደፍታ ስትጽፍ አየኋት።

በሳምንቱ ኦፈሩ መጣ። ለመዛወሪያ 5,000 ዶላር አለው፤ ሁለት ዓመት ሳልሞላ ከለቀቅኩ እመልሳለሁ። ይህ ገንዘብ እንደ ደሞዝ ታክስ እንደሚቆረጥበት አስቀድሜ ማስላቴ ጠቀመኝ። 22 ከመቶ ለፌደራል፣ 7.65 ከመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ሲነሳ እጄ የገባው 3,517 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። የዕቃ መኪናውንና የቤት ማስያዣውን ያሰብነው በዚህ ልክ ነበር።

ኦፈሩን ብፈርምም ሥራዬን አልለቀቅኩም። ባክግራውንድ ቼኩ፣ የመድኃኒት ምርመራውና ላይሰንሱ እስኪያልቁ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። አንዲት ጓደኛዬ በስልክ «ተቀብለንሻል» ስላሏት ብቻ ለቀቀች። የመጀመሪያ ቀኗ በአምስት ሳምንት ተገፋ፤ ኪራይዋን በክሬዲት ካርድ ከፈለች። ያንን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ቀኑ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ፣ እባካችሁ፣ ለአለቃችሁ ምንም አትንገሩ።

ጁን 12 ተነሥተን 1,200 ማይል ያህል ነዳን። አሪዞናንና ኒው ሜክሲኮን አቋርጠን ጁን 14 ማታ ጋርላንድ ገባን። እህታችን ቡና አፍልታ ጠበቀችን። ቤት ሳናይ መፈራረም ስላልፈለግን 12 ቀን እሷ ዘንድ ቆየን። የወደድነው አፓርትመንት ከሆስፒታሉ 10 ደቂቃ ነው ተብሎ ነበር። አዲሱ ሥራዬ የቀን ሺፍት ስለሆነ አንድ ማክሰኞ ጠዋት 6፡15 ላይ ከአፓርትመንቱ ደጃፍ ተነሥቼ ነዳሁት። 19 ደቂቃ ፈጀ። ከሰዓት በኋላ ሄደን ፈረምን።