የፊዚክስ ሦስተኛ ሳምንት፦ ጀሪካን የፈታው ጥያቄ

ታናሽ ወንድሜን ላስጠና ብዬ የገባሁበት ፊዚክስ እኔኑ ተማሪ አድርጎኝ አረፈ። የምናጠናው ማታ ማታ ነው። በድሬ የቀን ሙቀት ኮሳይን ጭንቅላት ውስጥ አይገባም።

ዲስፕሌስመንት (ከተነሡበት እስከ ደረሱበት ያለው ቀጥታ ርቀትና አቅጣጫ) ብዙም አላስቸገረን። የድሬ ሰፈር ከዚራ ውስጥ 300 ሜትር ወደ ምሥራቅ ሄዳችሁ 400 ሜትር ወደ ሰሜን ብትታጠፉ የረገጣችሁት 700 ሜትር ነው። ከተነሣችሁበት የራቃችሁት ግን 500 ነው። 300 እና 400 ኮምፖነንቶቹ፣ ማለትም የምሥራቅና የሰሜን ድርሻዎቹ ናቸው። የከዚራ መንገድ ቀጥ ያለ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። ጠመዝማዛው የመጋላ ሰፈር ውስጥ ሞክሩት ብላችሁ ግን ትረግሙኛላችሁ።

ያሰረን ይኼኛው ነው። 20 ኪሎ ዕቃ ከቆመበት ተነሥቶ በገመድ 5 ሜትር ይጎተታል። ኃይሉ 100 ኒውተን፣ ገመዱ ከወለሉ 37 ዲግሪ ከፍ ያለ፣ ሚዩ (የወለሉ የሰበቃ መጠን) 0.4። ጠቅላላ ሥራው፣ ማለትም ወደፊት የተረፈው ኃይል በርቀቱ ሲባዛ፣ ስንት ነው?

እኔ ቶሎ ብዬ ሠራሁት። ክብደቱ 20 በ10፣ 200 ኒውተን፤ በ0.4 ሲባዛ ፍሪክሽኑ (ወደ ኋላ የሚይዘው ሰበቃ) 80። ወደፊት የሚስበው 100 በኮሳይን 37፣ እሱም 80። ተጣጡ፤ መልሱ ዜሮ። ወንድሜ አየት አደረገኝና «አቦ፣ ታዲያ ከቆመበት ምን አስነሣው?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተን ግቢው ሲሚንቶ ላይ በጎኑ አጋደምነው። በገመድ ሰያፍ ሲሳብ እሺ ብሎ ይመጣል። በመወልወያ እንጨት ከላይ ወደ ታች ሰያፍ ስንገፋው ግን ንቅንቅ የለም። ያኔ ነው የበራልኝ። ገመዱ ወደፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም 100 በሳይን 37፣ 60 ኒውተን ያህል ያነሣዋል። ወለሉ የሚሸከመው 200 ሳይሆን 140 ነው። ፍሪክሽኑም 56 ይሆናል።

እንግዲህ የገመዱ ሥራ 80 በ5፣ 400 ጁል። የፍሪክሽኑ 56 በ5፣ ወደ ኋላ ስለሚይዝ ከ0 በታች 280። የተረፈው 120 ጁል ዕቃውን ያስሮጠዋል።

በዚያው 100 ኒውተን ከላይ ቢገፋስ? ወለሉ 260 ይሸከማል፣ ፍሪክሽኑ እስከ 104 ይቋቋማል፣ ወደፊት ያለን 80 ብቻ፤ ዕቃው አይነቃነቅም። ወንድሜ በላብ ተጠምቆ የሠራው ሥራ፣ በፊዚክስ ቋንቋ፣ ዜሮ ጁል። ተናዷል።

አንድ ነገር ደግሞ ካልኩሌተራችሁን እዩ። የኔው በዲግሪ ፈንታ ራዲያን (ሌላ የማዕዘን መለኪያ) ላይ ቆይቶ ኮሳይን 37ን 0.77 ብሎኝ ነበር። ለ0.8 ስለሚቀርብ አልነቃሁም። ሳይኑ ኔጌቲቭ ሲመጣ ነው የደነገጥኩት።

ቀጣዩ ተዳፋት ላይ ያለ ዕቃ ነው። እማዬ ግን ጀሪካኗን ወስዳብናለች።