ማግኒዚየሙ ከአምቡላንሱ ይቅደም

ከሲዳማ ደጋ ወረዳዎች ወደ ሀዋሳ ሪፈር የምትደረግ፣ በኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ከደም ግፊት ጋር በሚመጣ መንዘፍዘፍ) እያንዘፈዘፋት የመጣች ነፍሰ ጡር መጀመሪያ የምትወድቀው ጤና ጣቢያ ባለችው ሚድዋይፍ እጅ ላይ ነው። ሐኪም የለም። የሪፈር ወረቀቱ ተጽፎ፣ መኪና ተጠርቶ መንዘፍዘፉን የሚከላከለው መድኃኒት፣ ማግኒዚየም ሰልፌቱ፣ ሳይሰጥ ከቀረ መንገድ ላይ ደግሞ ሊያንዘፈዝፋት ይችላል። በሚድዋይፎች ሥልጠና ላይ ከሁሉ በላይ ጊዜ ልንሰጠው የሚገባው ይህ ነው።

ብዙዎችን የሚያስፈራቸው ስሌቱ ነው። ባለ 50% አምፑል ሁሉ እኩል አይደለም፤ 2 ሚሊ ሊትሩ 1 ግራም፣ 10 ሚሊ ሊትሩ 5 ግራም ይይዛል። ስለዚህ በአምፑል ቁጥር መሸምደድ አደገኛ ነው፤ በግራም አስቡ።

በደም ሥር 4 ግራም ለመስጠት ከ50%ቱ 8 ሚሊ ሊትር ቀድታችሁ 12 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ጨምሩበት፤ 20 ሚሊ ሊትር ባለ 20% ይሆናል። ከ5 ደቂቃ ባነሰ አትስጡ፤ በደቂቃ 4 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ይህን በውሃ፣ ሰዓት እያዩ ደጋግሞ መለማመድ ይገባል፤ የተደናገጠ እጅ ይቸኩላልና። ቀጥሎ በሁለቱም መቀመጫ 5፣ 5 ግራም፦ በእያንዳንዱ በኩል ያልተበረዘ 10 ሚሊ ሊትር፣ ከ1 ሚሊ ሊትር 2% ሊዶካይን (ማደንዘዣ) ጋር፣ ጡንቻው ውስጥ ጠለቅ ብሎ። ጠቅላላው 14 ግራም፣ ከ50%ቱ 28 ሚሊ ሊትር ነው፤ የድንገተኛ ትሪው ላይ መኖሩን ጠዋት ጠዋት ቁጠሩ። ትልቁ ስህተት ሲሪንጅ መቀያየርና ያልተበረዘውን በደም ሥር መስጠት ነው። ፕላስተር ለጥፋችሁ «ደም ሥር»፣ «ጡንቻ» ብላችሁ ጻፉበት።

ከ15 ደቂቃ በኋላ መንዘፍዘፉ ከተደገመባት ባለ 20%ውን 10 ሚሊ ሊትር (2 ግራም) በ5 ደቂቃ ጨምሩ።

ከዚህ መነሻ መጠን በኋላ በየ4 ሰዓቱ በጡንቻ የሚሰጠው 5 ግራም ከመወጋቱ በፊት ትንፋሿ በደቂቃ 16ና ከዚያ በላይ፣ ሽንቷ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር፣ ጉልበቷ ሲመታ እግሯ የሚወረወር ይሁን። ማግኒዚየም የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ሽንት ከቀነሰ ይጠራቀማል፣ የጉልበቱ ምላሽ ይጠፋል፣ ከዚያም ትንፋሽ ይቆማል። የማግኒዚየም ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት፣ ባለ 10%፣ 10 ሚሊ ሊትር፣ እዚያው ትሪ ላይ ከአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር ከሚሰጠው ከረጢት) ጋር ይቀመጥ። ትንፋሿ ከቆመ በአምቡ ባጉ እየረዳችሁ ካልሲየሙን ቀስ አድርጋችሁ በደም ሥር ስጡ።

ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ (ከኤክላምፕሲያ በፊት የሚታይ፣ በእርግዝና የሚመጣ ከፍተኛ የደም ግፊት ሕመም) ያለባትም ሳያንዘፈዝፋት ይሰጣታል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የማግፓይ ጥናት ማግኒዚየም የኤክላምፕሲያን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

የሪፈር ወረቀቱ ላይ ግራሙንና ሰዓቱን ጻፉ። ተቀባዩ ሆስፒታል መሰጠቱን ካላወቀ ይደግመዋል። በጎኗ አስተኝታችሁ፣ ካልሲየሙን ይዛችሁ፣ አንዳችሁ አብራችሁ ሂዱ።