በአንድ «ኤስ» ወይስ በሁለት?

የቪዛ ፋይሌን ዛሬ አስገባሁ።

ቀጠሮዬ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። እናቴ ግን «ፈረንጅ ሰዓት ያከብራል» ብላ ሌሊት በአሥራ አንድ ሰዓት ቀሰቀሰችኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቀበና የጀርመን ኤምባሲ በር ላይ ነበርኩ። ማኅደሬን ደረቴ ላይ አቅፌ ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ውስጡ ዋናው፣ ትርጉሙ፣ የሁሉም ሁለት ሁለት ኮፒ። ከፊቴ የቆመች ልጅ ለራሷ «ኢሽ ሃይሰ፣ ኢሽ ሃይሰ» ትላለች። በጀርመንኛ ስሜ እንትና ነው ማለት ነው። ቋንቋውን አንዴ የተፈተነ ሰው ይህቺን ዓረፍተ ነገር ከአፉ ማውጣት ይቸግረዋል። እኔም እንጀራ እየጋገርኩ ስላት እናቴ ይዛኛለች።

የኔ ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከስም ነው። የአባቴን ስም እዚህ አልጽፈውም። መሃሉ ላይ አንዲት «ሰ» እንዳለች ማወቅ ይበቃል። ስትጠራ ትጠብቃለች። ፊደላችን ደግሞ መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። እኛ አንባቢዎቹ እናውቀዋለን፣ አለቀ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን ጉድ ይፈላል። ፓስፖርቴን የሞላው ሰው በአንድ «ኤስ» ጻፈው። ዲግሪዬን ያተመው በሁለት። የጋብቻ የምስክር ወረቀታችን ላይ ሁለት። የልደት የምስክር ወረቀቴ ላይ አንድ። አባቴ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ማንም ስሙን አንስቶ አያውቅም ነበር፤ ዘንድሮ ግን በየመስኮቱ ይጠራል።

ባለቤቴ የላይፕዚግ ልጅ ነው። እዚህ ሁለት ዓመት በውኃ ሥራ ላይ ቆይቶ ኮንትራቱ ሲያልቅ ተመለሰ። ከመመለሱ በፊት ተጋባን። ለዚያም እሱ ከአገሩ «ይህ ሰው እንዳያገባ የሚከለክለው ነገር የለም» የሚል ወረቀት ማምጣት ነበረበት። እናቴ ወረቀቱ ሲተረጎምላት «እሱንስ እኔም አይቼዋለሁ» አለች። ላይፕዚግና አዲስ አበባ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እህትማማች ከተሞች መሆናቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው። እህትማማች ከሆኑ ይህ ሁሉ ማኅተም ለምን አስፈለገ አልኩት። «እህትማማቾች ስለሆኑ ነው የሚጣሉት» አለኝ። ቀልዱ እየገባው መጥቷል።

የልደት የምስክር ወረቀቴ ከጋብቻዬ የምስክር ወረቀት በሁለት ሳምንት ይበልጣል። የሚገርም ነገር አይደለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። እኔ የተወለድኩት ጥቅምት 12 ቀን 1984። ስለዚህ በሠላሳ ምናምን ዓመቴ እናቴንና ሁለት ምስክር ይዤ ሄጄ ተወለድኩ። ወረቀቱን ተቀብዬ ቤት ገባሁ። ማታ ላይ ቁጭ ብዬ ሳየው የፈረንጁ ቀን ኦክቶበር 22 ይላል። ፓስፖርቴ ኦክቶበር 23 ነው የሚለው።

አንድ ቀን። ሰው ምን ችግር አለው ይላል። የውጭ ቪዛ የጠየቀ ሰው ግን አይልም።

በማግስቱ ተመለስኩ። ሲስተም የለም። በሦስተኛው ቀን ሲስተም አለ፣ ኃላፊው የለም፤ ስብሰባ ላይ ነው። በአምስተኛው ቀን ሁለቱም ተገኙ። መስኮት ላይ ያለው ልጅ ወረቀቶቼን ደርድሮ ካየ በኋላ፣

«እህቴ፣ የቱ ነው ትክክሉ?» አለኝ።

«ቀኑ 23 ነው። ስሙ ሁለቱም ልክ ነው።»

«ሁለቱም ልክ የሚባል ነገር የለም።»

ስለ ቀኑ ላስረዳው ሞከርኩ። ጥቅምት 12 አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 22 ላይ ይውላል። በ1983 ግን ጳጉሜ ስድስት ነበረች። ስለዚህ የ1984 እንቁጣጣሽ በፈረንጁ አሥራ አንድ ሳይሆን አሥራ ሁለት ላይ ዋለ፣ ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ተገፋ። ልጁ ጣቱን እየቆጠረ አየኝ። አላመነኝም። ኋላ ጥግ ላይ መዝገብ የሚያገላብጡ አንድ ጋሼ ነበሩ። ቀና ሳይሉ «ልክ ናት» አሉ። «ኢሕአዴግ የገባ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ነበረች። አስታውሳለሁ።»

ዕድሜ ይስጥልኝ። እናቴ ያን ዓመት የምታስታውሰው በሌላ መንገድ ነው። ግንቦት 20 ሲሆን እኔ ሆዷ ውስጥ ነበርኩ። ጥይቱ ሲንጣጣ አልጋ ሥር ገብታ «ብቻ ይቺ ልጅ ትውጣልኝ» ስትል እንደነበር መቶ ጊዜ ነግራኛለች። እኔ የምለው፣ ያን ሁሉ አልፌ ወጥቼ በጳጉሜ ስድስት ልሰናከል?

ቀኑ ተስተካከለ። ስሙ ግን እንዳለ ቀረ። የጋብቻውን እንደ ፓስፖርቱ አስቀየርኩ፣ ዲግሪውን ለመንካት አቅም አጣሁ። ከዚያ ውልና ማስረጃ፣ ከዚያ ትርጉም፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ማኅተም። ቪዛው ራሱ ለጀርመን ዜጋ ሚስት ወይም ባል ክፍያ የለውም። ይህን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ነፃው ግን እሱ ብቻ ነው ለካ።

ፈተናው ሌላ ነው። ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጀርመን አግብቶ እዚያ መሄድ የሚፈልግ ሰው፣ ጥቂት አገሮችና ልዩ ሁኔታዎች ሲቀሩ፣ ከመሄዱ በፊት ጀርመንኛ ኤ አንድ፣ የመጀመሪያውን ደረጃ፣ መቻሉን ማሳየት አለበት። የሚያስቀው ምን መሰላችሁ? ባለቤቴ ፈረንሳዊ ሆኖ ላይፕዚግ ቢኖር ኖሮ ይህ ፈተና አይመለከተኝም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ከአገሩ ወጥቶ በሌላ የኅብረቱ አገር ሲኖር ሚስቱን ያለ ፈተና ያመጣል። የኔው ሰውዬ የሚኖረው በገዛ አገሩ ስለሆነ ተፈተንኩ። «ጀርመን ሆኜ በመገኘቴ ይቅርታ» አለኝ፣ በአማርኛ። ዓረፍተ ነገሩን የት እንዳጠናው አላውቅም።

አራት ወር ከሥራ ወጥቼ ከሜክሲኮ ስድስት ኪሎ ጎተ ተቋም እየተመላለስኩ ተማርኩ። ዝናብ፣ ታክሲ ሰልፍ፣ ከዚያ ማንኪያ ወንድ፣ ሹካ ሴት፣ ቢላ ሁለቱንም አይደለም። ቁጥሩ ደግሞ ወደ ኋላ ነው፤ ሃያ ሰባት ለማለት ሰባት እና ሃያ። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። በቀን ስንት ሰዓት ቁጥር አያለሁ፤ ስልክ ቁጥሬን በጀርመንኛ መናገር ግን ያልበኝ ነበር።

የንግግሩ ዕለት አራት ሆነን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። መሃል ላይ ወረቀት አለ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ መኖሪያ፣ ቋንቋ፣ ሥራ፣ የምንወደው ነገር። ሁሉንም አልኩ። አንድ ደቂቃም አልፈጀ። ሰው የሚሄድበትን አገር የሚተዋወቀው በዚህ ነው እንግዲህ፤ በሰባት መስመር ራስህን ጨርሰህ። ከዚያ ፈታኟ ሴትዮ ፈገግ ብላ «የአባት ስምሽን በፊደል» አለችኝ።

ቤት ውስጥ ስለማመድ የኖርኩት «ዶፕል ኤስ» እያልኩ ነው። ሁለት ኤስ። ጆሮዬ የሚያውቀው እሱን ነው፤ የአባቴ «ሰ» ይጠብቃል። ፊቴ ያለው ፓስፖርቴ ደግሞ አንድ ኤስ ነው። ቆምኩ። ምናልባት ሦስት ሰከንድ። ሴትዮዋ የጠፋኝ መሰላት፣ በጣቷ አየር ላይ ፊደል ጻፈች፣ ልታግዘኝ። አንድ ኤስ ብዬ ጨረስኩ።

ማለፊያው ከ100 ስድሳ ነው። 83 አመጣሁ። አባቴን ቆርሼ ያመጣሁት ነጥብ ነው ብዬ ለጓደኛዬ ነገርኳት፣ እሷ ስትስቅ እኔም ሳቅኩ።

በኋላ ነው የባሰውን ያወቅኩት። ጀርመንኛ ውስጥ አንዲት ኤስ በሁለት አናባቢ መሃል ስትገባ «ዘ» ትባላለች። «ሰ» እንድትባል ሁለት መሆን አለባት። ስለዚህ ፓስፖርቴ እስካለ ድረስ፣ በላይፕዚግ ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ቀበሌያቸው ሁሉ፣ የአባቴ «ሰ» «ዘ» ልትሆን ነው። እዚያ ደግሞ ሰውን በስሙ አይጠሩም። ፍራው ብለው የአባትሽን ስም ነው የሚያስከትሉት። ወይዘሮ አባቴ እንደማለት።

ባለቤቴ ከፈለግሽ የኔን ስም ያዢ ብሎኛል። ከሜይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ሕጋቸው ባልና ሚስት የሁለቱንም ስም አያይዘው እንዲጠሩ ይፈቅዳል። እሱ እንዲያውም የኔን አባት ስም ለመጨመር ፈቃደኛ ነው። አሰብኩበት። እኛ ጋ ሴት ብታገባ ስሟ አይነካም፤ ባል ሲመጣ አባት አይሄድም። ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ የአባቴን ጻፍኩ። «ሲወለዱ የነበረ ስም» የሚለውም ቦታ ያንኑ።

ዛሬ ተራዬ ሲደርስ በማይክራፎን የተጠራሁት በ«ዘ» ነው። አልተነሳሁም። ከጎኔ ያለው ሰውዬ «አንቺን መሰለኝ» አለኝ።

መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት ጨዋ ናት። የት ተዋወቃችሁ፣ በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት፣ ቤተሰቡን አግኝተሻል ወይ። መለስኩ። ፎቶዎቹን አገላበጠች። ስድስት ነው ያስገባሁት። አንዱ ላይ ባለቤቴ እናቴ ቤት ካባ ለብሶ ቆሟል። ካባው የአጎቴ ስለሆነ ጉልበቱ ላይ ነው የቀረው። እዚህ ፎቶ ላይ ትንሽ ቆየች። ሳቅ የያዛት መሰለኝ። እኔ በጣም የምወደው ፎቶ ሌላ ነው፤ ሶፋ ላይ አፉን ከፍቶ ሲተኛ እናቴ በጋቢዋ ስትሸፍነው። እሱ ለማስረጃ አይሆንም ብሎ ከለከለኝ።

ዲግሪዬ ላይ ያሉትን ሁለት ኤሶች በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካ አድርጋ «ለምን ተለየ?» አለች። «ድምፁ ይጠብቃል» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና የሆነ ነገር ጻፈች። «እኛ ጋ እንደ ፓስፖርቱ ነው የሚሆነው።»

ከዚህ በኋላ የኔ ሥራ መጠበቅ ነው። የኢትዮጵያን ሰነድ ማኅተም ስላለው ብቻ አይቀበሉትም። የሚያስጣራ ጠበቃ ይላካል፣ መዝገብ ይታያል፣ አንዳንዴም ሰፈር ይጠየቃል ይባላል። እናቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ ጎረቤቱን አሰልፋለች። «ማንም ሰው መጥቶ ስለ ልጄ ቢጠይቃችሁ፣ መጀመሪያ ወደኔ ላኩት፣ ቡና ይጠጣ።» ተይ እማዬ፣ ጉቦ ይመስላል ብላት «ቡና ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጉቦ?» አለች። ፋይሉ ደግሞ ላይፕዚግ ለውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት ሄዶ ይሁንታ ማግኘት አለበት። ወራት ነው።

ቢሮ ነገ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ። «ፕሮሰሱ እንዴት ሆነ?» ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህን ነው። ባልሽ እንዴት ነው የሚል የለም። አንዷ እንዲያውም ሻይ ቤት ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለወረቀት ነው አይደል? ለኔ ንገሪኝ» ብላኛለች። አልተቆጣሁም። ለወረቀት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወረቀት እንደማያስፈልግ ማን ያስረዳታል?

ቤት ስገባ ቡናው ሁለተኛው ላይ ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«ጠብቂ።»

«እሱንማ አውቀዋለሁ። ስም ጠርተው ነው ያስገቡሽ?»

«አዎ። የአባዬን።»

«እስቲ እንዴት ብለው?»

እንደጠሩት አድርጌ ጠራሁላት፣ ከነ«ዘ»ው። ስኒውን አስቀመጠች። «በስመ አብ! ይሄ ደግሞ የማን አባት ነው?»

ማታ ባለቤቴ በቪዲዮ ደወለ። የቀኑን ወሬ ሳልጨርስ እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። አማርኛዋን በቀስታና በጩኸት ካወራችው የሚገባው ይመስላታል። የአባቴን ስም በል አለችው። አለ፤ ላላ። «አይደለም ልጄ፣ አጥብቀው።» ደግሞ አለ። «አጥብቀው እንጂ! ጥርስህን!» ማያው ላይ ጥርሱን ነክሶ ፊቱ ቀላ። በአራተኛው «ሰ» ልክ መጣች። እናቴ ዝም አለች። ከዚያ «ድገመው» አለችው፣ ቀስ ብላ።