አሥራ ሦስት ሞልቷታል ወይ?

በልጆች ወሲባዊ ጥቃት መዝገብ የሕክምና ባለሙያ በፍርድ ቤት ከሚጠየቀው ሁሉ ከባዱ ዕድሜ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ልጅቷ 13 ካልሞላት አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ከሞላት አንቀጽ 626 ከ3 ዓመት ይጀምራል። ይህን ያህል ነገር በጥቂት ወራት ላይ ተንጠልጥሏል።

በአገር ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ዛሬ 13 ዓመት አካባቢ ያሉት ልጆች ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ወሎ ላይ ደግሞ በጦርነቱ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ ካርድና መዝገብም አብሮ ጠፍቷል። ስለዚህ የግራ እጅ አንጓ ራጅ ይነሳል። ራጁ የሚመሳከርበት የታወቀው አትላስ (የአጥንትን ዕድገት በየዕድሜው የሚያሳይ የራጅ መጽሐፍ) ግን እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ኦሃዮ ጥሩ ኑሮ በነበራቸው ቤተሰቦች ልጆች ላይ የተሠራ ነው። በዚህ ዕድሜ በጤናማ ልጅ ላይ እንኳ ግምቱ ወደ 2 ዓመት ወዲህና ወዲያ ይላል። በቂ ሳይመገብ ያደገ ልጅ አጥንቱ ይዘገያል፤ ራጁ ከእውነተኛው ዕድሜ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ጡት ማጎጥጎጥና ወር አበባ ለዕድሜ ግምት ጭራሽ አይሆኑም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሐኪም ይሳሳታል።

እናትን «ስንት ዓመቷ ነው?» ማለት ደፍኖ የተነገረ ቁጥር ብቻ ያስገኛል። የሚሻለው በምን ሰሞን እንደወለደች መጠየቅ ነው። «ለግሸን ማርያም ንግሥ» ካለች መስከረም 21 ነው፤ ክርስትና የተነሣችበት ቀን ከታወቀ ለሴት ልጅ 80 ቀን ይቀነሳል። «ለመውሊድ ሰሞን» ካለች ጠንቀቅ ማለት ያሻል፤ መውሊድ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ቀድሞ ስለሚመጣ በ12 ዓመት ውስጥ ከ4 ወር በላይ ይሸሻል፤ የዚያን ዓመት ቀን ፈልጎ ማስላት ግድ ነው። ዓመቱን ለመያዝ ደግሞ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ፣ ጥቅምት 2014፣ ልጅቷ ስንተኛ ክፍል ነበረች? የጎረቤት እኩያዋ ማን ነው?

ሌላው ወጥመድ ቀኑ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበራትን ዕድሜ ነው፤ ራጁ ግን የሚናገረው ስለተነሳበት ቀን ነው። ስምንት ወር ካለፈ ስምንት ወር ይቀነሳል። ተከላካይ ጠበቃ «13 ሊሞላት ይችላል አይደል?» ሲል፣ የዕድሜ ግምቱ ዳርቻ የሚፈቅድ ከሆነ «አዎ፣ ይቻላል» ማለት ይገባል፤ ቀጥሎም የግምቱን የታችና የላይ ዳርቻ፣ አጥንቱ ለምን እንደሚዘገይ፣ እናት የሰጠችው ሰሞን ከሁለቱ ወደየትኛው እንደሚያደላ ማስረዳት። አንድ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ማስረጃ በመስቀለኛ ጥያቄ የሚፈርሰው ይህ ሁሉ ስለሚጎድለው ነው፤ ሲፈርስ ደግሞ ልጅቷን ይዞ ይወድቃል።